«ለመሞት ዝግጁ ነኝ» ያሉት ሽማግሌ

ማርች 1972 ላይ ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ አንድ ትንሽ ስብሰባ ተደረገ። (ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ወደ እኛው ስዞር እነግራችኋለሁ።) የተሰበሰቡት አንድ የልብ ሐኪም፣ ሁለት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን (አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ፣ ማዕከሉም እዚያው ሶልት ሌክ ሲቲ የሆነ ነው) ታላላቅ መሪዎች፣ አንድ የታመሙ ሽማግሌ እና ባለቤታቸው ናቸው። ሽማግሌው ስፔንሰር ኪምቦል ይባላሉ። ዕድሜያቸው ወደ 77 ነው። ልባቸው እየደከመ ነው።

ሐኪሙ ራስል ኔልሰን ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሯቸው። እንዲሁ ከተተዉ ብዙ አይቆዩም። ለመዳን ደግሞ የልብ ቫልቭ መቀየርና ባይፓስ (ለተዘጋ የልብ ደም ሥር ሌላ መንገድ ማበጀት) በአንድ ጊዜ መሠራት አለበት። በዚህ ዕድሜ ላለ ሰው አደጋው ከባድ ነው።

ኪምቦል አዳመጡና መለሱ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ለመሞት ዝግጁ ነኝ፣ አንድ ወጣት ይምጣና እኔ የማልችለውን ሥራ ይሥራ አሉ።

ይሄኔ ከመሪዎቹ አንዱ፣ ሃሮልድ ሊ፣ ብድግ ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። «ስፔንሰር! አንተ ተጠርተሃል! መሞት የለብህም! ራስህን ጠብቀህ በሕይወት ለመቆየት የሚያስፈልገውን ሁሉ ማድረግ አለብህ!»

ኪምቦል አልተከራከሩም። «እንግዲያውስ ኦፕራሲዮኑን እደረጋለሁ» አሉ።

ይህን ታሪክ ኔልሰን በኋላ ደጋግመው ተርከውታል። እኔን የገረመኝ ግን የውሳኔው ምክንያት ነው። የሐኪሙ ማብራሪያ አላሳመናቸውም። ለመኖርም አልጓጉም። ታዘዙ፣ እሺ አሉ፣ አለቀ። የኪምቦልን ሕይወት ከዳር እስከ ዳር ብታዩት የሚታዘዝ ሰው ሕይወት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትልቁን ለውጥ፣ ጥቁሮችን ከክህነት ያገደውን ሕግ መሻርን፣ ያመጡትም እኚሁ ታዛዥ ሰው ናቸው። እኛ ለውጥን ከአመፅ ለይተን ማየት ሳንለምድ ነው ያደግነው። አንድ ነገር ተለወጠ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው ማን ፈነቀለው፣ ማንስ ወደቀ ብለን ነው። ስለዚህ የእኚህ ሰው ነገር ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ።

ኦፕራሲዮኑ ኤፕሪል 12 ቀን 1972 ተሠራ። ልባቸው እንደገና መምታት ጀመረ። ኔልሰን እንደሚሉት፣ በዚያች ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑን የወደፊት ፕሬዚዳንት ኦፕራሲዮን እንዳደረጉ ውስጣቸው ነግሯቸዋል። በወቅቱ ግን ይህን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ለፕሬዚዳንትነት ውድድር የለም። ፕሬዚዳንቱ ሲሞት በሕይወት ካሉት ሐዋርያት ቀድሞ የተሾመው ይተካል። ከኪምቦል የሚቀድሙት ደግሞ እኚያው ጠረጴዛ የመቱት ሊ ናቸው። በዕድሜ በአራት ዓመት ያንሳሉ፣ ጤናቸውም ደህና ይመስል ነበር። በዚያው ዓመት ሊ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዲሴምበር 26 ቀን 1973 በድንገት ሞቱ። «መሞት የለብህም» ያሉት ሄዱ፤ «ለመሞት ዝግጁ ነኝ» ያሉት በ78 ዓመታቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ሰዉ ያሰበው ኪምቦል ለጥቂት ጊዜ ወንበሩን ሞቅ አድርገው የሚያልፉ ሽማግሌ እንደሚሆኑ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀራቸው ቆዩ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ስፔንሰር የተወለደው በ1895 ሶልት ሌክ ሲቲ ውስጥ ነው። አያቱ ሄበር ኪምቦል ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት የሞርሞን ሐዋርያት አንዱ ነበሩ። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አሪዞና፣ ታቸር ወደምትባል የገጠር ከተማ ሄደ። አባቱ የአካባቢው ምእመናን መሪ ሆነው ተሹመው ነው። አገሩ በረሃ ነው፤ ያለ መስኖ ምንም አይበቅልም። ከአሥራ አንድ ልጆች ስድስተኛው ስፔንሰር ላም ያልባል፣ ሲያልብ ደግሞ ጥቅስና መዝሙር በቃሉ ያጠናል። ታይፎይድ ያዘው። ፊቱ በአንድ ወገን ሽባ ሆኖ ነበር። አንዴም ውኃ ሊወስደው ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቱ እናቱ ሞተችበት።

አሥራ አራት ዓመቱ ላይ አንዲት ሰባኪ መጥታ መጽሐፍ ቅዱስን ዳር እስከ ዳር ያነበበ አለ ወይ ብላ ጉባኤውን ጠየቀች። እጅ ያወጣ እምብዛም አልነበረም። ልጁ በዚያው ማታ ጣሪያ ሥር ወዳለችው ክፍሉ ወጣ፣ የኩራዝ መብራት አበራ፣ ከዘፍጥረት ጀመረ። አንድ ዓመት ያህል ፈጀበት እንጂ ጨረሰው። ብዙውን እንዳልተረዳው ራሳቸው ተናግረዋል። ግን ጀምረው ነበርና ጨረሱት። ኋላ ላይ ጠረጴዛቸው ላይ «አድርገው» የሚል አጭር ጽሑፍ አስቀምጠው ነበር። ከእኚህ ሰው ሌላ መፈክር አይጠበቅም።

በ1917 ካሚላ አይሪንግን አገቡ። ካሚላ የተወለደችው ሜክሲኮ ውስጥ በነበረ የሞርሞን ሰፈር ነው፤ በ1912 አብዮቱ ሲበረታ ከቤተሰቧ ጋር ሸሽታ ወደ አሜሪካ ገባች። ንብረት ጥሎ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ናት። አስተማሪ ነበረች። ከባሏ የተሻለ የተማረችና አስተያየቷን የማትደብቅ ሴት እንደነበረች ይነገራል። አራት ልጆች ወለዱ። ኪምቦል ባንክ ሠሩ፣ ከዚያ ሳፎርድ ከተማ ውስጥ ከሸሪካቸው ጋር የኢንሹራንስና የቤት ሽያጭ ቢሮ ከፈቱ። ጭፈራ ቤት ባንድ ውስጥም ፒያኖ ይጫወቱ ነበር። ባጭሩ፣ የትንሽ ከተማ የተከበረ ነጋዴ ናቸው።

ጁላይ 8 ቀን 1943 ለምሳ ቤት ሲገቡ ስልክ ተደወለ። ከሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ሐዋርያ እንዲሆኑ ተመርጠዋል። እኔን ነው? ስህተት አይደለም? አሉ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያት ሹመት የዕድሜ ልክ ነው። ሥራን፣ ከተማን፣ ቤትን ትቶ መሄድ ነው። አርባ ስምንት ዓመታቸው ነው።

ቀጥለው ያደረጉት ነገር እኔን ያዘኝ። ለጉዞው ከመሰናዳታቸው በፊት በንግድ ሲገናኟቸው ወደነበሩ ሰዎች እየዞሩ፣ በድያችሁ እንደሆነ ይቅር በሉኝ አሉ። ቅር የተሰኙባቸው ነበሩ። ይቅር ተባባሉ። እኛ ቁርባን ከመቀበላችን በፊት የተጣላነውን ታረቁ እንባላለን፤ ስንቶቻችን እናደርገዋለን? ሰውዬው ግን በር እያንኳኩ አደረጉት።

ሹመቱን በሰሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ሄደው ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ብቻቸውን ተራራ ወጡ። እኔ አልበቃም እያሉ ሲያለቅሱና ሲጸልዩ ቆዩ። እኔ የምኖረው ዴንቨር አጠገብ ስለሆነ ቦልደርን በደንብ አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆች ተሰብስበን ተራራ የምንወጣበት ቦታ ነው። የትኛው ተራራ እንደሆነ ማንም ምልክት አልተከለበትም፤ ቢተከልበት ኪምቦልም የሚወዱት አይመስለኝም።

ከሞርሞኖች ጋር እኔ የተዋወቅሁት እንደ ብዙ ሰው ደጃፌ ላይ ነው። ሁለት ወጣቶች፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ሰሌዳ። ግቡ አልናቸው። ባለቤቴ ቡና ልታፈላ ስትነሳ ሁለቱም በአንድ ላይ እጃቸውን አወዛወዙ። ቡና አይጠጡም። ሻይስ? ሻይም። ለስላሳ? እሱ ይሆናል። ባለቤቴ ሐበሻ ቤት ገብቶ ቡና እምቢ ያለ እንግዳ እስከ ዛሬ አልገጠማትም፤ ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ጥቁር ነው። ወላጆቹ ከጋና የመጡ ናቸው። ጨዋ፣ ሳቂታ ልጅ ነው። እምነቴን እንደማልቀይር ነገርኳቸው፣ ቂም ሳይዙ አመስግነው ሄዱ። እኔ ግን በሩን ከዘጋሁ በኋላ የማስበው ስለ ጋናዊው ነበር። ይህ ልጅ ከ1978 በፊት ቢሆን ያንን የስም ሰሌዳ ደረቱ ላይ አያደርግም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ክህነት ለጥቂት ሰው ነው። በእነሱ ዘንድ ግን ማንኛውም ምግባሩ የተመሰከረለት ወንድ ገና በልጅነቱ የክህነት ማዕረግ ይቀበላል። ልጁን የሚባርከው፣ የሚያጠምቀው፣ እሑድ እሑድ ኅብስቱን የሚያድለው አባወራው ነው። ክህነት የሌለው ወንድ እዚያ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰው ነው። ከ1852 ጀምሮ ጥቁር ወንዶች ይህን እንዳይቀበሉ ተከለከሉ። ጥቁር ሴቶችም ወንዶችም ቤተ መቅደስ ገብተው ዋናዎቹን ሥርዓቶች እንዳይፈጽሙ፣ ጋብቻቸውም ለዘለዓለም እንዳይታተም፣ ማለትም ከሞት በኋላም የሚጸና እንዳይሆን፣ ተከለከለ። በ1852 በይፋ ያወጁት የቤተ ክርስቲያኑ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ብሪገም ያንግ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ግን፣ በመሥራቹ በጆሴፍ ስሚዝ ዘመን፣ ኤላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር ሰው በ1836 ክህነት ተቀብሎ ነበር። ክልከላው ከመጀመሪያው የነበረ ነገር አይደለም ማለት ነው። በኋላ ግን ሰዉ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የነበረ ሕግ አስመሰለው። የቃየል ዘር ናቸው አሉ፤ ከመወለዳቸው በፊት በሰማይ ሳሉ አጥፍተው ነው አሉ። እኛ ጥቁሮችና ክርስቲያኖች ሆነን ሺህ ዓመት በዘለለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ፣ መጀመሪያ ሳቅ ነው የሚመጣው። ንዴቱ ቆይቶ ይከተላል።

በ1960ዎቹ ነገሩ ጋለ። በ1969 ከእኛ ብዙም በማይርቀው በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ አሥራ አራት ጥቁር የእግር ኳስ ተጫዋቾች (የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ማለቴ ነው) ከሞርሞኖቹ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲጫወቱ ለተቃውሞ ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ለማሰር ፈቃድ ጠየቁ። አሠልጣኙ ሁሉንም አባረራቸው። ግፊቱ ከየአቅጣጫው መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ መሪዎች ግን በዚያው ዓመት እንኳ አቋማቸውን በጽሑፍ አጸኑ።

ኪምቦል ያኔ የት ነበሩ? ከመሪዎቹ ጋር ነበሩ። ሰልፍ አልወጡም፣ በአደባባይ አልተቃወሙም። በ1963 ለልጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ግን አንድ ሐሳብ ጣል አድርገዋል። ክህነት መስጠትና መከልከል የእኔ ምርጫ አይደለም ካሉ በኋላ፣ ጌታ ሕጉን ለውጦ ክልከላውን ሊያነሳና ለዚህ ያበቃውን «ሊኖር የሚችል ስህተት» ይቅር ሊል እንደሚችል አውቃለሁ ይላሉ። ሊኖር የሚችል ስህተት! ከ1963 የሞርሞን ሐዋርያ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም የማን ስህተት እንደሆነ አይሉም። የጥቁሮቹ? የብሪገም ያንግ? በሩን በጣት ስፋት ብቻ ከፍተው ተዉት።

እስከዚያ ድረስ ሰውነታቸው ብዙ አይቷል። በ1948 ልብ ድካም መታቸው። በ1957 የጉሮሮ ካንሰር ተገኘባቸውና ኒው ዮርክ ውስጥ የድምፅ አውታራቸው አብዛኛው ተቆርጦ ወጣ። ሰባኪ ሰው ያለ ድምፅ! ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሻካራ፣ እንደ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ነው። ወደ መድረክ የተመለሱት በቀልድ ነው። ወደ ምሥራቅ ሄጄ ጉሮሮ ቆራጮችና ሌቦች እጅ ወደቅሁ፤ ጉሮሮዬን ቆርጠው ድምፄን ሰረቁኝ ብለው አሳቋቸው። ያ የተሰነጠቀ ድምፅ በቅጂ አሁንም ይገኛል። መጀመሪያ ጆሮ ይቆረቁራል። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ግን ሰው ጸጥ ብሎ ለምን እንደሚያዳምጣቸው ይገባል።

ፕሬዚዳንት ሲሆኑ አዛውንቱ እንደ ጎረምሳ ሮጡ። አጥራችሁን ቀለም ቀቡ፣ ጓሮ አትክልት ትከሉ፣ የዕለት ማስታወሻ ጻፉ የሚሉ ስብከቶች ሰበኩ። ወጣት ወንዶች ሁሉ ሚስዮናዊ ሆነው ይውጡ አሉ። ሲሾሙ 17 ሺህ ያህል የነበሩት ሚስዮናውያን ሲሞቱ 30 ሺህ ተጠግተው ነበር። አገልግሎት የሚሰጡት ቤተ መቅደሶች ከ15 ወደ 36 ደረሱ። ወደ ዓለም ሁሉ ሂዱ ካሉ በኋላ ግን አፍሪካ የምትባል አህጉር ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው።

ናይጄሪያ ውስጥ ከሶልት ሌክ የተላኩ መጻሕፍት አንብበው በራሳቸው ጉባኤ የመሠረቱ ሰዎች ነበሩ። አጥምቁን እያሉ ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንዱ አንቶኒ ኦቢና ነው። በሕልሙ አንድ ሕንፃ አየ፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ሕንፃ መጽሔት ላይ አየው፤ የሶልት ሌክ ቤተ መቅደስ ሆኖ ተገኘ። ጋና ውስጥ ጆሴፍ ዊሊያም ቢሊ ጆንሰን ከ1964 ጀምሮ ጉባኤ ይመራል። አንድም ሳይጠመቁ ነው ይህ ሁሉ። አስቡት፤ አንቀበላችሁም ለሚል ቤተ ክርስቲያን አሥራ አራት ዓመት መዝሙር መዘመር! እኔ ይህን ጽናት ከእምነት በቀር በምን እንደምጠራው አላውቅም፤ ግን ደሜን ያፈላዋል።

ብራዚል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ኪምቦል በ1975 ሳኦ ፓውሎ ላይ ቤተ መቅደስ እንሠራለን ብለው አስታወቁ። በብራዚል የአፍሪካ ደም ያለውንና የሌለውን ማን ይለያል? ሕንፃውን በገንዘባቸውና በጉልበታቸው ከሚሠሩት መካከል መግባት የማይችሉት አሉ። ሄልቬሲዮ ማርቲንስ አንዱ ነው። በብራዚል የነዳጅ ኩባንያ በፔትሮብራስ ትልቅ ኃላፊነት ያለው ጥቁር ሰው ነው። በ1972 ከቤተሰቡ ጋር ተጠመቀ። ለማይገባበት ቤተ መቅደስ አዋጣ፤ የሕዝብ ግንኙነት ሥራውንም ሠራ። በ1977 የማዕዘን ድንጋይ ሲቀመጥ ኪምቦል ወደ መድረኩ አቅራቢያ ጠሩትና፣ ወንድሜ፣ የሚያስፈልግህ ታማኝነት ነው፣ ታማኝ ሆነህ ኑር፣ በረከቱን ሁሉ ታገኛለህ አሉት። እሳቸው ያኔ ምን እያብላሉ እንደነበር ማርቲንስ አላወቀም።

በ1978 የመጀመሪያ ወራት ኪምቦል ብቻቸውን ወደ ሶልት ሌክ ቤተ መቅደስ ይሄዱ ነበር። በተለይ ቅዳሜና እሑድ፣ ማንም በሌለበት ሰዓት። ለባለቤታቸው እንኳ ነገሩን አልነገሯትም። ካሚላ አንድ ነገር እንደከበዳቸው ታውቃለች፣ ምን እንደሆነ ግን አታውቅም። በኋላ ዜናውን የሰማችው ልጃቸው ስልክ ደውላላት ነው። ኪምቦል ራሳቸው ሲናገሩ፣ መጀመሪያ መታገል የነበረባቸው ከራሳቸው ጋር ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ክልከላው ትክክል ነው እየተባሉ አድገዋል፤ እስከ ሞት ድረስ ሊከላከሉት ዝግጁ ነበሩ። ያንን ከውስጥ መንቀል ነበረባቸው።

ሌላው ያደረጉት ነገር ብልህነት ነው። ሐዋርያቱን አንድ በአንድ እያነጋገሩ አስተያየታቸውን ተቀበሉ። አንዳንዶቹ ጉዳዩን አጥንተው በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ጠየቁ። ማንንም አልገፉም። ፕሬዚዳንቱ ነቢይ ነው ተብሎ በሚታመንበት ቤት ውስጥ እኔ ወስኛለሁ ማለት ይችሉ ነበር። አላሉም። ጁን 1 ቀን 1978፣ ሐሙስ፣ በወሩ መጀመሪያ ጾመው የሚሰበሰቡበት ቀን ነው። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ኪምቦል ሐዋርያቱ እንዲቆዩ ጠየቁ። አሥራ ሦስት ሰዎች ቀሩ፤ አንዱ ሐዋርያ ውጭ አገር፣ አንዱ ሆስፒታል ነበሩ። ተነጋገሩ። ከዚያ ኪምቦል ጸለዩ። በዚያ ክፍል የነበሩት ሰዎች ስለዚያች ሰዓት ሲናገሩ ይንቀጠቀጣሉ። መልስ መጣ አሉ፤ ሁሉም በአንድ ልብ። እኔ ስለ መገለጡ መመስከር አልችልም፣ በእምነታቸው አይደለሁም። በዕድሜ የጠኑ፣ በአስተያየት የተለያዩ አሥራ ሦስት ወንዶች አንድም ሳይቃወም መቶ ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ሕግ መሻራቸው ግን በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጁን 9፣ ዓርብ ዕለት፣ ደብዳቤው ለሕዝብ ወጣ። ሁሉም የበቁ ወንዶች ዘርና ቀለም ሳይለይ ክህነት ይቀበሉ ይላል። የቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ተጨናነቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ጆሴፍ ፍሪማን የሚባል ጥቁር ሰው ክህነት ተቀበለ። ኖቬምበር 21 ናይጄሪያ ውስጥ ኦቢናና ወገኖቹ ተጠመቁ። በዲሴምበር የጆንሰን ሰዎች በየመቶው ተጠመቁ። የማርቲንስ ልጅ ሠርጉን አስተላልፎ ሚስዮናዊ ሆነ፤ አባትየው ራሳቸው በ1990 ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍተኛ መሪዎች ተርታ የተሰለፉ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆሞ ማጨብጨብ ይቻላል። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላጨበጭብም።

አንደኛ ነገር፣ ኪምቦል በሁሉም ነገር ለዘብተኛ አልነበሩም። ለአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ከልብ ይቆረቆሩ ነበር፤ መጠለያቸውን እየዞሩ አይተዋል፣ ነጮቹን ምእመናን ስለ ንቀታቸው ገሥጸዋል። የደገፉት ፕሮግራም ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ከወላጆቻቸው ወስዶ በትምህርት ዘመን ነጭ ሞርሞን ቤት ውስጥ የሚያሳድግ ነው። በ1960 ባደረጉት ንግግር የእነዚያ ልጆች ቆዳ እየነጣ መጣ ብለው በደስታ ተናግረዋል። ያንን ንግግር ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ዞር ዞር አልኩ። ሰውን መውደድና ከነመልኩ መቀበል ለካ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1969 ያሳተሙት ስለ ኃጢአትና ይቅርታ የሚናገር መጽሐፍም ስንቱን ሰው እንዳስለቀሰ ይወራል፤ በተለይ ግብረ ሰዶማውያንን። እሳቸው ራሳቸው ኋላ ላይ ቃናውን ለስለስ ባደረግሁት ኖሮ ያሉ ይመስላል። ለሴቶች እኩልነት በቀረበው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይም ቤተ ክርስቲያኑ በእሳቸው ዘመን አጥብቆ ዘመተ፤ በ1979 ማሻሻያውን የደገፈችው ሶንያ ጆንሰን ከአባልነት ተባረረች።

ሁለተኛው ነገር ይቅርታ ነው። የ1978ቱ ደብዳቤ ክልከላው ተነሳ ይላል እንጂ ተሳስተን ነበር አይልም። ሐዋርያው ብሩስ ማኮንኪ ከሁለት ወር በኋላ፣ እኔም ብሪገም ያንግም ሌላውም ያልነውን ሁሉ እርሱት፣ የተናገርነው በጎደለ ብርሃን ነው አሉ። ደፋር ንግግር ነው። ግን እርሱት ማለትና ይቅር በሉን ማለት አንድ አይደሉም። የቃየል ዘርና የመሳሰለውን ትምህርት ቤተ ክርስቲያኑ በይፋ የካደው በ2013 በታተመ ጽሑፍ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ።

አሁን ወደ እኛው ልዙር። ጥር 1977 በእኛ አቆጣጠር። የእናቴ ወገን ወሎ ነው፤ ያ ዘመን በቤታችን እስከ ዛሬ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚወራው። ጥር 19 ቀን እሑድ፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ አሜሪካና ካናዳ ያሉ ሞርሞኖች ለኢትዮጵያና ለጎረቤቶቿ ጾሙ። ሞርሞኖች በወር አንድ ቀን ሁለት ማዕድ ትተው የምግቡን ዋጋ ለድሃ መስጠት ልማዳቸው ነው። ያን ቀን ተጨማሪ ጾም ታወጀና 6 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሰበሰበ። ገንዘቡም የእነሱ ባልሆኑ፣ እንደ ካቶሊኮቹ ባሉ የእርዳታ ድርጅቶች በኩል ሄደ። በጾም የተረፈ ለድሃ ይሰጥ የሚለው ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእኛ ስም ሶልት ሌክ ላይ መጾሙን ግን እኔ ያወቅሁት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው።

በማርች ሁለት መሪዎች፣ ራስል ባላርድና ግሌን ፔስ፣ ኢትዮጵያ ሄደው የእርዳታ ጣቢያዎቹን አዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ዝናብ እንዲዘንብ ጸለዩ፤ በዚያው ቀን ዘነበ ብለው ይናገራሉ። ማርች ማለት መጋቢት ነው፤ በልግ ነው እንዳልል ደግሞ፣ በዚያ ዘመን በልጉም ከድቶን ነበር። ጸሎታቸውን እግዜር ይስጥልን ብያለሁ።

ኪምቦል ያኔ በሕይወት አሉ፤ ግን ሥራውን የሚሠሩት ሌላ ሰው ናቸው። ከ1979 ጀምሮ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ደጋግመው ኦፕራሲዮን ሆነዋል። የመጨረሻ ዓመታቱን ብዙም ሳይናገሩ፣ ብዙም ሳያዩ አሳለፉ። ዕለት ተዕለት ቤተ ክርስቲያኑን የሚያንቀሳቅሱት አማካሪያቸው ጎርደን ሂንክሊ ነበሩ። የኢትዮጵያም ጾም የታወጀው በኪምቦል ዘመን ነው እንጂ በኪምቦል እጅ ነው ማለት ይከብዳል። ኖቬምበር 5 ቀን 1985 በ90 ዓመታቸው አረፉ። ይህ የዕድሜ ልክ ሹመት ኪምቦልን እንዳመጣ ሁሉ፣ መሪ ሳይኖር መሪ ያለ የሚመስልባቸውን ዓመታትም ያመጣል። ልባቸውን የጠገኑት ኔልሰን ራሳቸው በ2018፣ በ93 ዓመታቸው፣ ፕሬዚዳንት ሆነው በ101 ዓመታቸው አረፉ።

ቀጥለው የመጡት ዳሊን ኦክስ ናቸው። በ1978 ኦክስ የሞርሞኖቹ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ዜናው በስልክ ሲደርሳቸው ተራራ ላይ ካለ ቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር አፈር እየዛቁ ነበር። አፈሩ ቁልል ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ክልከላውን ምክንያቱ ሳይገባቸው ተሸክመውት እንደኖሩ በ2018፣ በአርባኛው ዓመት በዓል ላይ፣ በአደባባይ ተናግረዋል። እኚሁ ሰው በ2015 ስለ ሌላ ጉዳይ ሲጠየቁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ይቅርታ አይጠይቅም፣ ይቅርታ ጠይቁንም አይልም የሚል መልስ ሰጥተው ነበር። አንድ ኢንሹራንስ ሻጭ ሳፎርድ ላይ ቤት ለቤት እየዞረ በድዬሽ እንደሆነ፣ በድዬህ እንደሆነ ይቅር በሉኝ ማለት ከቻለ፣ ትልቁ ቤት ለምን እንዳቃተው እኔ አልገባኝም። ያንን ጋናዊ ልጅ ዳግም ባገኘው የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ለስላሳውን ቀድተን።